አልታመመችም፤ ሰው አጣች

(መርሳ ላይ ለአርሶ አደሮች፣ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለበግ ነጋዴዎች የቀረበ ዲስኩር)

 



ለዛሬው ስብሰባ ስጠራ «ስለ በግ የወደድከውን አንሣልን» ነበር የተባልኩት። ስለ በግ የሚነሣ ነገር ሞልቷል። ዝርያ ማሻሻሉ አለ፤ ማድለቡ አለ፤ የአረፋና የፋሲካ ገበያው አለ። እኔ ግን በጀርባዋ ተንጋላ፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ መነሣት ስላቃታት በግ ልነግራችሁ መጣሁ። ለምን ይህን መረጥክ ብትሉኝ ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚህ የምትሞት በግ ክትባት አትጠይቅም፤ ብር አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ሁለት እጅ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሁለት እጅ ድሮ በየመስኩ ነበር፤ ዛሬ እየጠፋ ነው። ንግግሬ በሙሉ የሚዞረው በዚህች በሁለተኛዋ ዙሪያ ነው፤ ደጋግሜ ብመለስባት ታገሱኝ።

አስቀድሜ የራሴን ልናገር።

የተወለድኩት እዚሁ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ስድስት በጎች አስረከበችኝ። ከስድስቱ አንዷ ዳለቻ ነበረች፤ ላቷ ሰፊ፣ ጀርባዋ ጠፍጣፋ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ እርጉዝ። እናቴ ዳስሳ «መንታ ነው» ብላ ነበር። የበልጉ ዝናብ ወርዶ ሣሩ ለምለም በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ቀን በጎቹን ከወንዙ በላይ ትቼ ከጓደኞቼ ጋር ልዋኝ ወረድኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስመለስ አምስት በጎች አገኘሁ። ስድስተኛዋ ያለችበትን ያሳየኝ ቁራ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል ይነሣል፣ ያርፋል ይነሣል። ዳለቻዋ ጎርፍ በቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ በጀርባዋ ተጋድማለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ምላሷ ወጥቷል፤ እግሮቿ መንፈራገጥ ትተዋል። አንድ ዓይኗን ቁራው ወስዶታል። ጎትቼ አቃናኋት፤ ወደቀች። ደግሜ አቃናኋት፤ አሁንም ወደቀች። ቢላዋ ይዞ የሚደርስልኝ ትልቅ ሰው ልጠራ ስሮጥ እሷ ሞተች።

በክት ሆነች። ወሎ ላይ ቆሜ ይህን ቃል ለማንም ማስረዳት አይኖርብኝም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚጸየፈው ነው። ሥጋዋ ለማንም ሳይሆን ቀረ፤ ሁለቱ ግልገሎች ሆዷ ውስጥ ቀሩ። ማታ ዱላ ስጠብቅ እናቴ አልመታችኝም። ጎረቤታችን «ኧረ ምን ነክቷት ሞተች?» ብላ ስትጠይቃት ግን የመለሰችውን ሰማሁ። «አልታመመችም፤ ሰው አጣች» አለች። ኋላ የእንስሳት ጤና ተምሬ፣ በየቀበሌው ዞሬ፣ ስለዚህ አሟሟት ከእናቴ አነጋገር የሚበልጥ ማብራሪያ አላገኘሁም።

እንግዲህ የመጀመሪያ ነጥቤ ይህ ነው፤ በጀርባዋ የተኛች በግ ለምን ትሞታለች?

በግ ስታርፍ በደረቷ ነው የምትተኛው፤ እግሮቿን አጥፋ ከሥሯ ታደርጋቸዋለች። ስትነሣ የኋላዋን ታስቀድማለች። በጀርባዋ ከተገለበጠች ግን እግሯ የሚረግጠው ነገር የለም። እግሯ አጭር፣ ጀርባዋ ሰፊ ነው፤ ወገቧ እንደ ድመት አይጠማዘዝም። ፍየል በዚህ ስትሞት እምብዛም የማናየው ቀጠን ያለችና ቀልጣፋ ስለሆነች ነው።

ይህ መነሣት ያለመቻሏ ነው። የሚገድላት ግን ሆዷ ነው። እናቶቼ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሊጥ ስታቦኩ የምታዩት ነገር ነውና። የበግ ትልቁ ጨጓራ የማቡኪያ ዕቃ ነው። የበላችውን ሣር በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያቦኩታል፤ ያ ቡኮ ቀን ከሌት አየር ያወጣል፣ በቀን በአስር ሊትሮች የሚቆጠር። በጓ ቆማ ሳለች ፈሳሹ ከታች፣ አየሩ ከላይ ይሆናል። የጉሮሮዋ ቱቦ ከጨጓራው ጋር የሚገናኝበት አፍ ያለውም ከላይ በኩል ነው። ስለዚህ ታገሳለች፣ አየሩ ይወጣል። አሁን እስከ ግማሽ ድረስ ሊጥ ያለበትን ጀሪካን አስቡ። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ቢቦካም ግድ የለም፤ አየሩ መውጫ አለው። ብትገለብጡት ግን ሊጡ አፉን ይደፍነዋል፤ አየሩ ወዲያ ማዶ ተሰብስቦ ዕቃውን ይወጥረዋል። በጓ የምትሆነው እንዲሁ ነው። መውጫው ተደፈነ፤ ማቡካቱ ግን አልቆመም። ሆዷ ይነፋል። የተነፋው ሆድ ወደ ደረቷ ገፍቶ ሳምባዋን ይጨቁናል፤ ከኋላ አካሏ ደም ወደ ልቧ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥርም ይጫናል። አንዳንዴ ከሆዷ የተመለሰ ፈሳሽ ወደ ሳምባዋ ይገባል።

«በስንት ሰዓት ትሞታለች?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጠግባ የወደቀች፣ ፀሐይ የበረታባት፣ ከባድ እርጉዝ የሆነች በግ ብዙ አትቆይም፤ ሌላዋ ግማሽ ቀን ትታገላለች። ስለዚህ ጠዋት የታሰረች በግ ማታ ስትፈታ ብቻ የምትታይ ከሆነ መሀል ያለው ጊዜ ለመሞት ከበቂ በላይ ነው። ልብ በሉ፤ ከጠዋቱ እስከ ወደቀችበት ደቂቃ ድረስ ጤነኛ ነበረች። አልታመመችም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ የትኛዋ ናት ይበልጥ የምትወድቀው?

በዓለም ላይ ስለዚህ ብዙ የሚወራው ፀጉረ ብዙ በጎች ባሉበት አገር ነው፤ በእንግሊዝና በኒውዚላንድ። የዚያ አገር በግ ፀጉሩ ወፍራም ነው፤ ዝናብ ሲመታው ውኃ ይጠጣል፤ ይከብዳል። ፀጉር ሳይሸለት ሲቀር ምን ያህል ሸክም እንደሚሆን ለማወቅ፣ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ካንቤራ አጠገብ የተገኘውን አውራ በግ ማስታወስ ይበቃል፤ ከመንጋው ጠፍቶ ለዓመታት ሳይሸለት ስለቆየ ከላዩ የወረደው ፀጉር ከ40 ኪሎ በላይ ሆነ። የእኛ አንድ በግ ከነነፍሱ ያን ያህል ላይመዝን ይችላል።

የሀብሩ ቆላ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ነገር ግን ማክሰኞ ወልድያ ገበያ ወርዳችሁ ለማድለብ የምትገዙት በግ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙው ከደጋው ነው፤ ከመቄትና ከደላንታ በኩል። ደጋው ላይ ከበግ ፀጉር ባና ይሠራል፤ ባና የሚሠራበት ፀጉር ጀርባው ላይ ያለ በግ ማለት ነው። ያን በግ ሳትሸልቱ መርሳ ሙቀት ውስጥ አስገብታችሁ ታደልባላችሁ። ይከብዳል፣ ይሞቀዋል፣ ያሳክከዋል። የአዋሲ ዝርያ ደም ያለበት በግም እንዲሁ ነው። እባካችሁ ሸልቱት። በስለታም መቀስ፣ በደረቅ ቀን፣ ብርድ በማያገኘው ሰሞን።

ማሳከኩን ካነሣሁ እከክን ልጥቀስ። የበግ ቅማልና መሰሎቹ የሚያመጡት እከክ የቆዳ ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት ሲያማርሩበት የኖሩት ነገር ነው፤ የዚህ አካባቢ ሰው ኮምቦልቻ ለቆዳ የሚሰጠው ዋጋ ለምን እንደሚወርድ ሲጠይቅ አንዱ መልስ እሱ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው በሌላ ምክንያት ነው። የሚያሳክካት በግ እጅ የላትም። መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ጀርባዋን ከድንጋይ ጋር ታሻሻለች። ስትንከባለል ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ የእከክ መድኃኒት ባስነከራችሁ ቁጥር ከቆዳው ሌላ ነፍሷንም እየጠበቃችሁ ነው።

እርጉዟን ብዙ አላብራራም፤ ዳለቻዋን ነግሬያችኋለሁ። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ነው። የመጨረሻው ወር ላይ፣ በተለይ መንታ ከያዘች፣ ከቤት አቅራቢያ ሜዳ ቦታ ትዋል። እሷ ስትሞት ሦስት ነው የሚሞተው።

ሙክቱስ? ሙክት በፉርሽካ፣ በፋጉሎና በአተላ ጀርባው እንደ ገበታ እስኪሰፋ ይቀለባል። እዚህ አካባቢ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የዶርፐርን ዝርያ ከአገራችን በግ ጋር ሲያዳቅል የተገኙትን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ዶርፐር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተገኘ ዝርያ ነው፤ አንዱ ወላጁ ደግሞ ጥንት ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ፣ ከሶማሌ ጥቁር ራስ በግ የወረደ ነው። ዘመድ ነው እንግዲህ፤ ዞሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ፀጉሩ ራሱ ስለሚረግፍ በፀጉር ክብደት አይወድቅም፤ ሰውነቱ ግን ሰፊና ድፍን ነው። ጀርባው የሰፋ በግ የያዘ ሰው ወለሉን ይይ። ጋጣ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ፣ ሙክቱ እዚያ ተኝቶ ሲገላበጥ ጀርባው ጎድጓዳው ውስጥ ይቀረቀራል። በአፈር ሙሉት፤ ደልድሉት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ የእኛ አገር መሬትና የእኛ አገር ገመድ ነው። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈው ክፍል ይህ ስለሆነ።

ተዳፋት አገር ነን። ሀብሩ ከአፋር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ ተራራው ድረስ ይወጣል። አባቶቻችን አፈሩን በድንጋይ ካብ አቆሙት፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ ላይ እርከን እንሠራለን፣ የውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ይህ ሥራ ይህን መሬት ያዳነ ሥራ ነው፤ እኔም አካፋ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ማንም በዚህ ንግግሬ ተደግፎ እንዳያኮስሰው። ነገር ግን ጉድጓዱ ለውኃ በተቆፈረ ጊዜ ስለ በግ ያሰበ አልነበረም። ወርዱ በግን ልክ የሚይዝ ነው። ከላይ ካቡ ጫፍ ላይ ሣር ስትነጭ አፈሩ ይከዳታል፤ ስትወድቅ በጀርባዋ ትሰነቀራለች፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው አያያትም። ስለዚህ ከግጦሽ የተከለለው የተፋሰስ ቦታ ተከልሎ ይቆይ፤ ሣሩን አጭዳችሁ ለበጎቹ ውሰዱላቸው። ይህ ስለ መሬቱ ሲባል የተወሰነ ነው፤ ለበጓም ይበጃል።

ገመዱን ተመልከቱ። አዝመራ ሲኖር በግ አይለቀቅም፤ በማሽላው ድንበር ላይ በችካል ይታሰራል። ማለዳ የሚያስረው ሰው ቸኩሎ ነው የሚያስረው። ገመዱ ረጅም ነው፣ ብዙ ሣር እንድታገኝ። ረጅሙ ገመድ ካቡ ጫፍ ድረስ ያደርሳታል። እግሯ ላይ ይጠመጠማል፤ ስትጎትተው ትወድቃለች፤ ከወደቀች በኋላ ገመዱ ራሱ እንዳትገለበጥ ይይዛታል። እኔ በአገልግሎት ዘመኔ በጀርባቸው ሞተው ካየኋቸው በጎች ብዙዎቹ ገመድ እግራቸው ላይ ነበረ። እንግዲህ በገመድ ስናስር አንድ ነገር እናድርግ፤ ችካሉን ከተከልን በኋላ ገመዱን ይዘን ክቡን እንዙር። ጫፉ ካብ ላይ፣ ቦይ ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ ከደረሰ ይጠር። ጉዳዩ ይኸው ነው።

የገበያው ነገር ያንገበግበኛል። የበዓል ዋዜማ ወልድያ መናኸሪያ ቁሙ። አራት እግሩን አንድ ላይ ጠፍሮ፣ በጀርባው ባጃጅ ወለል ላይ አንጋሎ፣ ሁለት ሰው እግሩን ከላይ አሳርፎበት የሚሄድ አለ። አይሱዙ ላይ በጎች ተደራርበው፣ ከሥር ያለው ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ ይጫናል። ቤት ሲደርስ «መንገድ ደከመው» ይባላል። አልደከመውም፤ ጀሪካኑ ተገልብጦ ነው የመጣው። ለአረፋ የገዛችሁት በግ ሳትባርኩት መንገድ ላይ ቢሞት ኪሳራው የማን ነው? ወንድሞቼ ነጋዴዎች፣ ወንድሞቼ ሾፌሮች፣ በእናንተ እጅ ነው። በግ ሲታሰር በደረቱ ይተኛ፤ ሆዱ ከታች፣ ጀርባው ከላይ። ጭንቅላቱ ነፃ ይሁን። መንገዱ ከረዘመ ቆማችሁ እዩት። የምትጭኑት ገንዘብ እንጂ እንጨት አይደለም።

አራተኛው ነጥቤ ላይ ደረስኩ፤ ከመጀመሪያው ልመጣበት የፈለግኩት ይህ ነው። «ሰው አጣች» ያለችውን እናቴን አስታውሱ።

በእኔ ልጅነት ዳለቻዋ የሞተችው አንድ እረኛ አንድ ቀን ስለተወ ነው። የዚያን ቀን ብተዋትም በሌላው ቀን ሁሉ ነበርኩ። በየመስኩ እንደ እኔ ያለ ልጅ ነበር። በግ ስትንጋለል በጆሮዋና በላቷ ይዞ ያቆማት ነበር፤ ለማንም አይናገርም፤ የሚናገረው ነገር አድርጎ አይቆጥረውም። ስለዚህ በግ በዚህ እንደሚሞት ትልቅ ሰው እምብዛም አያውቅም ነበር። እረኛው በሽታውን ከመወለዱ በፊት ይገድለው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በአንድ በግ የተነሣ አንድ ልጅ ከክፍል እንዲቀር የምመክር ሰው አይደለሁም። ግን ልጁ ሲሄድ ዓይኑም አብሮ ሄደ። በቦታው የተተካው ችካል ነው። ችካል ያስራል፤ አያይም።

ታዲያ ያን ዓይን እንዴት እንመልሰው? እኔ የምለው በአንድ ሰፈር አሥር ቤት ካለ ተራ ይግቡ። ቀኑን ሙሉ የሚያግድ ሰው አልጠየቅኩም። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከምሳ በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ አንዴ፣ መስኩን በእግር የሚዞር አንድ ሰው ይበቃል። ትምህርት ቤቶቻችን በፈረቃ የሚያስተምሩበት ቦታ ብዙ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ጠዋት ቤት ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ልጅ ከሰዓት ቤት ነው። አንዱ የአራት ሰዓቱን፣ ሌላው የሰባት ሰዓቱን ቢይዝ ትምህርትም አይቀር በግም አይሞት። ልጅ የሌለበት ቤት ደግሞ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መንገዳቸውን በመስኩ በኩል የሚያደርጉ ሽማግሌዎች አሉት።

እንግሊዝ አገር ገበሬዎች ከከተማ ለሽርሽር የሚመጣውን መንገደኛ «በጀርባዋ የወደቀች በግ ካየህ አቃናት፤ ለባለቤቷም ንገር» ብለው ይለምናሉ። ይህን ሳነብ ተገረምኩ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ከዚያ አገር አያንስም፤ በየመስኩ ሰው ያልፋል። ታዲያ ለምን አያቃናም? ጠይቄያለሁ። መልሳቸው አንድ ነው። «የሰው በግ ላይ ጎንበስ ብዬ ቢያዩኝ ሌባ ይሉኛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይላሉ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2013 ነሐሴ ጀምሮ በነበሩት ወራት፣ በረቱ የተራቆተ ስንት ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቄብ ገዝቶ እንደገና የጀመረ ሰው በጉን ሲጠብቅ ዓይኑ ቢቀላ አይፈረድበትም። ግን ይህ ጥርጣሬ በጎቹን እየገደለ ነው።

ስለዚህ በየቅሬያችን ይነገር። ቅሬ ለሐዘን ይሰበሰባል፣ ለደቦ ይነጋገራል፤ ይህንም ይወስን። በጀርባዋ የተንጋለለች በግ ያየ ሰው፣ የማንም ትሁን፣ ያቃናት፤ ካቃናት በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራ። የተጣራ ሰው ሌባ አይደለም። ይህች አንዲት ውሳኔ ከብዙ መድኃኒት ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ናሙና ጥናት በአገራችን ያለውን በግ ወደ 43 ሚሊዮን አድርሶታል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። አንዲት በግ ብቻ ላላት እናት ግን ያቺ አንዲቷ ሁሉም ነገር ናት።

አምስተኛውና የመጨረሻው አነሣሡ ነው፤ በእጅ ስለሚታይ በአፍ አላበዛውም። እግሯን ይዛችሁ አትጎትቱ። በጎኗ ቁሙ፤ ከጀርባዋ በኩል እጃችሁን አስገብታችሁ ወደ ሆዷ አገላብጧት፤ በደረቷ ትሁን። ከዚያ አንሥታችሁ በሁለት ጉልበታችሁ መሀል ደግፋችሁ ያዟት። ይህን ነው ልጅ ሆኜ ያላወቅኩት። እግሯ ደንዝዟል፣ ጭንቅላቷ ዞሯል፤ ወዲያው ከለቀቃችኋት ወደ ጓደኞቿ ስትሮጥ ትወድቃለች፤ የወደቀችው ደግሞ ያው በጀርባዋ ነው። ታግሳችሁ ያዟት። ስታገሳ ትሰማላችሁ፤ ደስ የሚል ድምፅ ነው። የፊት እግሯ ከፍ ባለው በኩል ቢሆን አየሩ ቶሎ ይወጣል። ቆማ መራመድ ስትችል ልቀቋት፤ ግን እስከ ማታ ከዓይናችሁ አትራቅ። ሆዷ አልጎድል ካለ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት፤ ሐኪሙ ቱቦ አለው። ቢላዋ ይዛችሁ ሆዷን የምትወጉ ሰዎች፣ እለምናችኋለሁ፣ ተዉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምርና ልጨርስ። በጓ በየጊዜው የምትወድቅ፣ አንገቷን አዙራ በአንድ ወገን የምትዞር ከሆነ፣ ያ አዙሪት ነው፤ አንጎሏ ውስጥ የሚያድግ የኮሶ ትል እጭ። ያን በጉድጓድና በገመድ አታሳብቡት። የሚመጣው ከውሻ ነው፤ የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ ጥሬውን አትጣሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ሆዷ ተነፍቶ ሞታ ያገኛችኋት በግ ሁሉ ተንጋልላ የሞተች አይደለችም። ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። እንዳትገፏት፣ እንዳትከፍቷት፤ ልጆችንና ውሻን አርቁ፤ ለሐኪም ንገሩ። እዚህ ላይ ስስት ሰው ይገድላል።

አሁን ከዚህ ወንበር እንነሣ። ግቢው ውስጥ ሦስት በጎች አስመጥቻለሁ፤ አንዷ ያልተሸለተች የደጋ በግ ናት፣ አንዱ ሙክት ነው፣ አንዷ ግን እርጉዝ ስለሆነች እሷን አንነካትም፤ ሆዷን በእጃችን ብቻ ዳስሰን እናያለን። መቀስም አለ። አባባ እዚያ ጥግ የተቀመጡት በልጅነታቸው ደጋ ላይ ሲሸልቱ እንደነበር ነግረውኛል፤ ፈቃዳቸው ከሆነ እሳቸው ይሸልቱልን። ማንሣቱን ግን ከኋላ ያላችሁት ልጆች ትጀምሩታላችሁ። የከሰዓት ፈረቃ ያላችሁ ቅደሙ፤ ደወሉ ሳይደርስባችሁ።